ቆጣሪው ላይ ተለጥፈው የሚቆሙት አከራይ

«እማማ፣ ይልቀቁት! አባቴ እየሞተብኝ ነው!»

ሥርጉት በባዶ እግሯ ዝናቡ ላይ ቆማ ጮኸች...

አከራይዋ እማማ የሺመቤት ግን ቆጣሪው ሥር ያለውን የተከራዩን ማብሪያ በጀርባቸው ከልለው ንቅንቅ አላሉም።

የጣና ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ ያጠፋው መብራት አሁን መጥቶ፣ ሰፈሩ «መጣ! መጣ!» እያለ ይጮኻል...

የተከራዮቹ ቤት ብቻ አልበራም።

አባቷ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነው። የመጠባበቂያዋ ሲሊንደር መለኪያ ቀስት ደግሞ ቀዩን ነክቷል፤ ልታልቅ ነው...

«ትንሽ ቆዪ ልጄ...»

«ምኑን ነው የምቆየው? እርስዎ ስስታም!»

ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ናቸው። መብራት በመጣ ቁጥር የራሳቸውን ቤት ያበሩና የተከራዩን ዘግተው ይቆማሉ።

ጎረቤቷ ወንጌላዊትማ «እማማ መብራቱን እንደ ጠላ ሊያጠልሉት ነው» እያለች ታስቃለች።

ዛሬ ግን የሚስቅ የለም። ሥርጉት ገፋቻቸው... እጇ ማብሪያው ላይ አረፈ...

ጧ!

የእማማ ሳሎን አምፖል ፈነዳ።

ከአጥር ማዶ ደግሞ ጩኸት... «ኧረ ፍሪጄ ጨሰ! ኧረ ቴሌቪዥኔን!»

ሥርጉት እጇ እዚያው ደረቀ። ያንን ማብሪያ ብትጫነው ኖሮ...

«እንዳትነኪው!» ብለው እማማ ወደ ቤት ሮጡና ሌላ አምፖል አስገቡ።

በመስኮቱ ታየዋለች... ቦግ... ድርግም... ቦግ...

የአባቷ ሳል ከውስጥ ይሰማል...

ከዚያ ሳሉም ጠፋ።

«እማማ!...»

«ቆዪ! ... ቆዪ! ... ረጋ! አብሪው!»

አበራች። ማሽኑ ሲያጓራ ሰማች። ሮጣ ገባች...

መሪጌታ አንድ ዓይናቸውን ከፈት አድርገው፣ «ማነች... እንዲህ የጮኸችው?... ዜማዋ ተበላሽቷል» አሉ።

እያለቀሰች ሳቀች።

በኋላ ይቅርታ ልትጠይቅ እማማ ሳሎን ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የገባችው።

ቴሌቪዥኑ ጀርባው ከስሏል። ፍሪጁ ውስጥ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል...

«ክረምት መግቢያ ላይ መብራቱ በኃይል ሲመጣ ተቃጠሉ» አሉ እማማ። «ይኼ የመሪጌታ ማሽን ቢሆንስ ኖሮ አልሁ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ እኔ ቤት ይግባ፤ ከፈነዳም የኔ አምፖል ይፈንዳ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ብነግራችሁማ፣ ኪራይ ልትጨምር ነው ትሉኝ ነበራ!»

ወዳጆቼ፣ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመጣም እስኪረጋ ታገሡ፤ የ«መጣ! መጣ!» ጭፈራው ይደርሳል። ሰውንም እንደዚያው... ለምን እንደሚያደርገው ሳትጠይቁ ስም አታውጡለት።

እናንተስ... ስታሙት ከርማችሁ፣ ለካ ሲጠብቃችሁ የኖረ ሰው አለ? እስቲ ኮሜንት ላይ ስሙን ጥሩልን።