ዘጠኝ ጃኬት

ጀልባ ነጂው ጎብኚዎቹን አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው የለበሱትን የሕይወት አድን ጃኬት ነው። “ሰው ሲቅበዘበዝ ቆጠራ ያሳስታል፤ ጃኬት ግን ካስቀመጡት ንቅንቅ አይልም” ይላል። ባለፈው ዓመት አንድ ጃኬት ጠፍቶበት ማስጠንቀቂያ ከተጻፈበት ወዲህማ ብሶበታል።

ያን ቀን ዘጠኝ የማይተዋወቁ ጎብኚዎችን ሐይቁን አሻግሮ፣ የሜዳ አህዮች የሚግጡበት ሣር ላይ አወረዳቸው። ሲመሽ አንበሳ የሚወርድበት ሜዳ ነው። አመሻሹ ላይ ድንገት ንፋስ ተነሳ፤ እያጣደፈ አሳፈራቸው። ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያንገላታት ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ጸሎቱን ያዘ።

ዳር ሲደርሱ ጃኬቶቹን ከምሮ ቆጠረ። ዘጠኝ።

“ተመስገን!”

ውሃ ፈርታ ዳር የቀረች ሴት መጣች። ያስጠበሰችውን ዓሣ በፌስታል ይዛለች።

“ወንድሜ፣ ባለቤቴስ?”

“ሁሉም ወርደዋል፣ እህቴ። ይኸው ቁጠሪው፣ ዘጠኝ!”

አንዲት ተማሪ ፈገግ ብላ ጣልቃ ገባች። “ጋሼ፣ አንዱን እኮ እኔ ነኝ ያመጣሁልዎት። ሙቀቱ አስመርሮት ነው መሰለኝ፣ አንዱ ሰውዬ አውልቆ ቁጥቋጦ ላይ ጥሎት ነበር። እንዳይጠፋብዎት ብዬ...”

የወረዱትን ሰዎች በዓይኗ ቆጠረች። ነጂው ወደ ማዶ ዞረ። ሣሩ ጠቁሯል፤ ማዕበሉ አልበረደም።

“ንፋሱ ጋብ ይበልና...” አለ።

ውሃ የምትፈራው ሴት ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከክምሩ ሁለት ጃኬት አነሳች። አንዱን ለበሰች።