የውሸት መስኮት

ግንበኛው ናሆም መስኮቱን ከውስጥ የሚደፍኑትን የመጨረሻዎቹን ጡቦች ሊደረድር ሲል ኬዚያ ትገባለች። በተቸነከረው የመስኮት መዝጊያ ስንጥቅ የሚያልፈው ብርሃን ወለሉ ላይ ቀጭን ሆኖ ተጋድሟል።

«ተው! አቁም!»

ናሆም ኖራ የነካ እጁን አንጠልጥሎ ባሏን ያያል። ካፒቴን አሳሄል ቀና አይልም።

«ጨርስ» ይለዋል።

«የዶርካስ መስኮት እኮ ነው!»

«አዲሱ የጭስ መውጫ የሚያልፈው በዚህ ነው፤ ስንቴ ልንገርሽ? ከውጭ ሲታይ መዝጊያው እንዳለ ነው። የቤቱ ግራና ቀኝ እኩል ይሆናል።»

«አይዞዎት እመቤቴ» ይላል ናሆም፣ ነገር ለማብረድ። «ከእንግሊዝ ንጉሥ ብንላቀቅም ከቤት አሠራሩ አልተላቀቅንም። እዚህ ወደባችን ሳሌም ውስጥ ስንቱ የሀብታም ቤት አንድ ዓይኑ የውሸት መሰለዎት!»

የሚስቅለት የለም።

ልጃቸው ዶርካስ በትኩሳት የሞተችው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው፤ በረዶው ሊቀልጥ ሲል፣ አባቷ ባሕር ላይ ሳለ። መርከቡ ሲገባ ልየው ብላ አልጋዋን ከመስኮቱ ሥር አስጠግታ ነበር።

«ስትቀበር አልነበርክም» ትለዋለች ኬዚያ። «አሁን ደግሞ ቤትህ ለመንገደኛ እንዲያምር ብለህ ትደፍንባታለህ?»

አሳሄል ይዞራል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለመንገደኛ አይደለም። ከወደብ በመጣሁ ቁጥር እዚህ ጋ ቆማ አያታለሁ፣ ኬዚያ። ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋ። አልቻልኩም። ቤቴ መግባት አቃተኝ።»

ኬዚያም ከገበያ ስትመለስ አቋራጩን ትታ በወደቡ በኩል የምትዞረው ያቺኑ ልጅ ለማየት ነው። አብዳለች እንዳትባል ፈርታ ለማንም አልተነፈሰችም። እሷ ብቻ የምታያት ነበር የመሰላት።

ናሆም የመጨረሻውን ጡብ ይገጥማል። ክፍሉ ይጨልማል።

አሳሄል ክንዷን ይዞ ወደ ውጭ ያወጣታል። መንገዱ ማዶ ይቆማሉ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ መስኮቶቹን ሁሉ አቅልታቸዋለች፤ የተደፈነው ብቻ አረንጓዴ መዝጊያውን ከድኖ ዝም ብሏል። አሳሄል አንጋጦ ያየዋል፤ ደጋግሞ ያየዋል። ትከሻው ቀስ እያለ ይረግባል።

«የለችም» ይላል፣ እንባና ሳቅ እየተናነቀው። «አየሽ? ሄደች። የለችም።»

ኬዚያ ከተደፈነው ቀጥሎ ወዳለው፣ ወደ ራሳቸው መኝታ ቤት መስኮት እያየች፣ እጇን ቀስ አድርጋ ለሰላምታ ታነሳለች።