ጓንቱ ላይ የተጻፈው

ሰላሙን የተባለው ተከላካይ ጭንቅላቱ ከበረዶው ሜዳ አጥር ጋር ተላተመና እየተንገዳገደ ወጣ። አሰልጣኙ ሄልሜቱን ተቀብሎ፣ ጭንቅላቱን የተመታ የሆኪ ተጫዋች ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቀው።

«የት ነው ያለነው?»

«ሳን ሆዜ።»

«ቀኑስ?»

«ሐሙስ። አይ አም ፋይን ኮች፣ ፕሊስ አስገባኝ።»

መልሱ በጣም ፈጠነ። አሰልጣኙ በረጅሙ ተነፈሰና የሰላሙንን ጓንት ገለበጠው። አንጓው ላይ በተጠመጠመው ነጭ ፕላስተር ላይ ሳን ሆዜም ሐሙስም በእስክርቢቶ ተጽፈዋል።

«እንዴት አወቅክ?» አለ ሰላሙን አንገቱን ደፍቶ።

«እኔም ተከላካይ ነበርኩ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚሁ ቦታ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ።»

አሰልጣኙ ሄልሜቱን ከአግዳሚው ስር ከቶ በተረከዙ ያዘው። ሲጠይቅ ግን እሱ ራሱ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት ምት በኋላ፣ መልሱን አያውቀውም ነበር። ቀኑ ሐሙስ መሆኑን እሱም ያወቀው ከዚያ ፕላስተር ላይ አንብቦ ነው።