ከሳነቴ ቁልቁል

የሳነቴ ሜዳ አልቆ መንገዱ ወደ ሃረና ጫካ መውረድ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ሮቤራ ሞተር ብስክሌቱን አጠፋ። ከአዳማ ጀምሮ ሁለት ቀን አብረውት የነዱት ባዳሳና ናፍቆትም ከኋላው ደርሰው አጠፉ። ከበታቻቸው ጉም ጫካውን ሸፍኖታል። ከጉሙ ስር ሪራ የምትባለው መንደር ነበረች፤ እዚያ ደግሞ አባቱ አሉ። "ጫካ ውስጥ አልቀርም" ብሎ ተጣልቷቸው ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነበር።

"እኔ ከዚህ ልመለስ" አለ ጓንቱን እያወለቀ። "ቢያባርሩኝስ?"

"ቢያባርሩህ አብረን እንባረራለን" አለችው ናፍቆት። "መጀመሪያ ግን ደውልላቸው።"

እህቱ የላከችለትን ቁጥር ለወራት ሳይደውልበት ይዞት ከርሟል። ብርድ ባደነዘዘው ጣቱ ነካው።

"ኤኙ? ማነው?" አሉ አባቱ።

"አባ፣ እኔ ነኝ። ሮቤራ።"

ዛፍ ላይ የተሰቀሉት የማር ቀፎዎች፣ እርጥብ አጥሩ፣ አባቱ ማለዳ ከቤት ሲወጡ የሚያስሏት ሳል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ናፈቀው። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ሽማግሌው ቀደሙት።

"አንተ ከሄድክ ወዲህ የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ደጅ እወጣለሁ" አሉ። "አሁንም ወጥቼ ቆሜአለሁ። ከላይ ሲመጣ እየሰማሁ ነበር። ለምን አጠፋኸው፣ ልጄ?"