አባትየው ሥጋውን ለምን አይበሉም ነበር?

«ካልጣመህ ቤትህ ሄደህ ብላ!»



ተናጋሪው ኤሌክትሪሺያን ነው። ጓሮው ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሥጋ መቆንጠጫ ይዞ የከሰል መጥበሻ ፊት ቆሟል።

የተናገረው ደግሞ ለባዳ አይደለም... ለገዛ አባቱ ነው። ያውም በሥራ ባልደረቦቹ ፊት።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ይህ ሰው አምና ከመሰላል ወድቆ ወገቡ ተጎድቶ ነበር። ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልወረደም። ሰው ማየት አስጠላው፤ ሳቅ ከቤቱ ጠፋ።

ዘንድሮ በጋው ሲገባ ግን ተሻለው። አሮጌ በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ መጥበሻ ሠራ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ከሰል ያቀጣጥላል፣ ወዳጅ ዘመድ ይጠራል፣ ይቀልዳል። ሚስቱ «ባሌን ከሰል መለሰልኝ» እስክትል ድረስ።

አባቱ ግን...

ሳህኑን ተቀብለው ይመርቃሉ። ሥጋውን ያገላብጣሉ፣ ይቆራርጣሉ... ከዚያ ሰው ያላየ ሲመስላቸው ለግቢው ውሻ ይወረውራሉ።

ልጅየው አንድ ቀን አየ። ዋጥ አደረገው።

ሌላ እሑድም አየ። አሁንም ዋጠው።

በሰባተኛው እሑድ ግን አንዱ ባልደረባው አይቶ ኖሮ «እንዴ! አባትህ እንኳ ያልበሉትን ነው እኛን የምታበላን?» ብሎ ሲቀልድ ሁሉም ሳቀ።

የልጅየው ደም ፈላ። ያንን ቃል የተናገረውም ያኔ ነው።



አባትየው ሳህኑን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ... ኮፍያቸውን አነሱ... ወጡ።

«ኧረ ተከተላቸው!» አለች ሚስቱ።

«ይሂድ! ኩራት ነው!»

በሚቀጥለው እሑድ አባት አልመጡም። በሚቀጥለውም። ልጅየው አልደወለም፤ እሳቸውም አልደወሉም።

በሦስተኛው ሳምንት ሥጋ ሊገዛ ደንበኛው የሆነ ልኳንዳ ቤት ሄደ።

ባለ ልኳንዳው ቢላውን እያፋጨ «አባትህ እንዴት ናቸው? ጥርሳቸው ተሠራላቸው?» አለው።

«ጥርሱ ምን ሆነ?»

ሰውየው ደነገጠ። «ውይ... አፌን በቆረጠው!»

«ጋሼ፣ ጥርሱ ምን ሆነ?!»

ባለ ልኳንዳው ቢላውን አስቀመጠ።

«እንግዲህ ካመለጠኝ አመለጠኝ... በጋው የገባ ሰሞን፣ መጀመሪያ ሥጋ የጠበስክ ቀን፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው አፋቸው ውስጥ ለሁለት ተሰበረ። አንተ ባቀረብክላቸው ሥጋ።»

«እንዴት ነው አባዬ ስለው እኮ... ግሩም ነው ብሎኛል...»

«ስባሪውን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተው ነዋ! ማግስቱን እኔ ጋ መጡ። 'ጥርስ የሌለው ሰው የሚበላው ለስላሳ ሥጋ ካለህ ለልጄ እሱን ሽጥለት፤ እኔ እንዳልኩህ ግን እንዳትነግረው' አሉኝ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር የሚያወሩት።»

«ለምን አልነገረኝም ታዲያ?!»

«እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። 'ልጄ ዓመት ሙሉ አልሳቀም። አሁን እሳት ዳር ቆሞ ሲስቅ አየሁት። ጥርሴን የሰበረው የእሱ ሥጋ መሆኑን ካወቀ ያን መጥበሻ ዳግም አይነካውም። በጋው ይለፍና ወድቆ ተሰበረብኝ እለዋለሁ' አሉኝ።»

ኤሌክትሪሺያኑ ቆሞ ቀረ።

ባለ ልኳንዳው አዘነለት። «እስቲ እንዴት ነው የምትጠብሰው?»

ነገረው። ከፍሪጅ አውጥቶ በቀጥታ ነበልባል ላይ... ቶሎ እንዲበስል በመቆንጠጫው እየተጫነ... ከዚያ ትኩሱን ወደ ሳህን።

«ከዚያ ወዲህ ለስላሳውን ነው የሸጥኩልህ፤ ሥጋው ምን አጠፋ? አንተ ነህ የቸኮልከው» አለው። «ቀደም ብለህ አውጣው፣ ጨው ነስንሰህ ቅዝቃዜው ይልቀቀው። ነበልባሉ ይውረድ፤ ፍሙ አመድ ሲለብስ ወደ አንድ ጎን ሰብስበው። ሥጋው ፍሙ ላይ ሆኖ ላዩ ሲጠቁር ፍም ወደሌለበት ጎን አሽሸው። አትጫነው፣ ውሃውን ነው የምታስወጣው። ስታወጣው ደግሞ ወዲያው አትቁረጠው፤ ትንሽ ይረፍ። ስትቆርጥም የሥጋውን ክር አቋርጠህ፣ ስስ አድርገህ።»

ልጅየው ግማሹን አልሰማም። ሥጋውን ትቶ ወደ አባቱ ቤት ሮጠ።

በሩን የከፈቱት አባት ድሮ የሚያውቃቸው አልነበሩም። ጉንጫቸው ሰርጉዷል። ሱሪያቸው ላይ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ምድጃው ላይ ቀጭን ሾርባ ተጥዷል።

እግራቸው ላይ ወደቀ። «አባዬ... ይቅር በለኝ...»

«ተነስ፣ ወገብህን!» አሉ በድንጋጤ። ከዚያ ነገሩ ገባቸው። «ያ ወሬኛ ባለ ልኳንዳ ነው አይደል?»

ሰኞ ጠዋት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። አዲሱ ጥርስ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈጃል ተባለ።

እሑድ ግን ባልደረቦቹን ሁሉ መልሶ ጠራ። ባለ ልኳንዳውን ደግሞ ጠይቆ የተመከረውን አንድ በአንድ አደረገ፤ ፍሙ አመድ እስኪለብስ እንኳ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ለአባቱ እንደ ወረቀት አሳስቶ ቆረጠላቸው። በሁሉም ፊትም ይቅርታ ጠየቃቸው።

አባት በድዳቸው ቀስ እያሉ አላመጡ... ብዙ ጊዜ ፈጀ... ማንም አልቸኮለም።

ዋጡ።

«ይኸውልህ፣ ሥጋ የጠበስከው ገና ዛሬ ነው!» አሉት።

ሁሉም ሳቀ። ልጅየው ግን ወደ ቤቱ ጀርባ ዞሮ አለቀሰ።

ጥርሱም ተሠራ። ይቅርታውም ተሰጠ።

ግን እነዚያ አባት ልጃቸው ቤት ሳያንኳኩ ሰተት ብለው የሚገቡ ሰው ነበሩ። አሁን እሑድ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ይደውላሉ...

«ልጄ... ልምጣ?»

ይህችን ጥያቄ በሰማ ቁጥር ልቡ ይደማል።

ወዳጆቼ... ሰው ያቀረብንለትን ካልበላ፣ ኮርቶ ነው፣ ንቆ ነው ከማለታችን በፊት «ምን ሆነህ ነው?» እንበል። ዝምታ ሁሉ ንቀት አይደለም። አንዳንዱ የእኛን ደስታ ላለመስበር የተዋጠ ሕመም ነው።

እናንተስ... የሰው ዝምታ ኩራት መስሏችሁ ክፉ ቃል የተናገራችሁበት፣ እውነቱን ስታውቁ ደግሞ የተጸጸታችሁበት ቀን አለ? ኮሜንት ላይ አጫውቱን...

ያ ሰው ዛሬም በሕይወት ካለ ግን፣ ከኮሜንቱ በፊት ለእሱ ደውሉለት።