ጉልበቱ የነጣው ጂንስ

«እማዬ አስቀምጪው! ውሃ እንዳታስነኪው!»

ሽቅርቅሩ ፎጣ እንዳገለደመ ከሻወር ቤት ሮጦ ወጣ...

እናቱ ሳሙና የተሞላ ሳፋ ፊት ቁጢጥ ብላ ጂንሱን ይዛለች።

መንጭቆ ወሰደባትና ደረቱ ላይ አቀፈው።

«ኧረ ይሸታል ልጄ...»

«ይሽተት! እንደ ሌላው ጂንስ መሰለሽ? ጥሬ ጂንስ ነው እኮ! ሳይታጠብ ሲለበስ ነው በለባሹ ሰውነት ልክ የሚነጣው። የግድ ከታጠበም ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ ሳሙና... ከዚያ ጥላ ላይ ይሰጣል። በሳሙና ካሸሽው አለቀለት!»

«ለዚህ ጨርቅ የምታስበውን ግማሹን ለአባትህ ብታስብለት...» አለች እናት።

አልሰማትም። መስማት አልፈለገም ብል ይሻላል።

«ሽቅርቅሩ» ያሉት የማስታወቂያ ድርጅት ባልደረቦቹ ናቸው። ስም አወጣጥ ያውቁበታል!

የጥሬ ጂንስ ወዳጆች እንደ ካርቶን የደረቀውን አዲስ ሱሪ ራሳቸው ለብሰው፣ ራሳቸው ነው የሚያለሰልሱት። የሚኮሩትም በዚያ ነው።

ሽቅርቅሩ ግን ያን ሁሉ ትዕግሥት ከየት ያምጣ?

ሌላ ሰው የለበሰውን ገዛ።

አንድ ባለሱቅ አለ... አዲስ ጥሬ ጂንስ ለጉልበት ሠራተኞች ይሰጣል። ሥራ ላይ ለብሰው ሲያነጡት ይከፍላቸውና፣ አንዴ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ከአዲሱ አስበልጦ ይሸጠዋል።

የሽቅርቅሩ ጂንስ ሁለቱም ጉልበቱ ላይ ነጥቷል። ማን እንደለበሰው ሲጠይቁት «ተራራ ወጪ ነው» ይላል።

ማን ነገረው? ማንም! ከራሱ ነው የፈጠረው።

አባቱ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ዕድሜ ልኩን ተንበርክኮ የሰው ወለል ሲያሳምር የኖረ ሰው።

ልጁ ጂንሱን መጀመሪያ የለበሰ ቀን አባት ትክ ብሎ አየውና «ተመቸህ ወይ?» አለው።

«አንተ ደግሞ ስለ ፋሽን ምን ታውቃለህ?»



እንግዲህ ሽቅርቅሩ እሁድ ቀለበት ሊያስር ነው። እናቱን እንደዚያ ካመናጨቃት በኋላ፣ ለሥራ ጫማውን ወደሚያስረው አባቱ ዞረ።

«አባዬ... እሁድ ባትመጣስ?»

«የቀለበትህ ቀን?»

«የእጮኛዬ ቤተሰቦች ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንተ ደግሞ ስትራመድ ታነክሳለህ... እጅህም ያው የሻከረ ነው... እማዬ ትበቃለች። ስላንተ ከተነሳ እኔ እመልሳለሁ። ለሥራ ራቅ ያለ ቦታ ሄዷል እላለሁ።»

«ሱፍ ልገዛ ነበር እኮ...»

«ሱፍ እጅህን አይሸፍነውም አባዬ!»

አባት የጫማውን ክር አስሮ ጨረሰ...

«እሺ ልጄ» አለ።

ወዳጆቼ... ይህችን «እሺ» ለማለት ምን ያህል ሆደ ሰፊ መሆን ይጠይቃል?

ከሰዓት በኋላ ሽቅርቅሩ እጮኛውን ይዞ ሱቁ ሄደ።

«ይሄን የለበሰው ሰውዬ ሌላ አለው? ለእሁድ ፈልጌ ነው።»

ባለሱቁ ሳቀ።

«ዕድለኛ ነህ! የመጨረሻውን ሊያስረክቡ መጥተው ከኋላ ልብስ እየቀየሩ ነው። ቤታቸው እንኳ አይወስዱትም፣ ባለቤቴ ታጥብብኛለች ብለው ሥራ ቦታ ነው የሚያስቀምጡት።»

«ተራራ ወጪው እዚህ ናቸው?» አለች እጮኛው ዓይኗ በርቶ።

«የምን ተራራ? ሴራሚክ አንጣፊ ናቸው! ልጄ ቀለበት ሊያስር ነው፣ ሱፍ ለብሼ ከጎኑ እቆማለሁ ሲሉኝ ነው የከረሙት። ለዚያ ነው ይሄን የለበሱት። ዛሬ ግን ሱፉ ይቅርብኝ አሉ...»



መጋረጃው ተገለጠ...

አባቱ!

የታጠፈ ጂንስ ይዟል። የጂንሱ ሰማያዊ ቀለም መዳፉ ላይ ለቋል።

አባትና ልጅ ተያዩ።

«አባዬ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አንድ ቃል!

ሽቅርቅሩ ግን ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ።

አባት ጠበቀ... ጠበቀ...

ከዚያ ጂንሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «እንደምን ዋላችሁ ልጆች» አለ። እንደ ባዳ።

እጮኛው የዋህ ናት። ያንን ልጁ ያፈረበትን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት የለበሱት? እንዴት ደስ የሚሉ ሰው ነዎት! ልጅዎ የታደለ ነው።»

ከዚያ ወደ ሽቅርቅሩ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አየህ የኔ ፍቅር? አባትህ በልጅነትህ ባይሞቱብህ ኖሮ... እሁድ እንዲህ ያሉ አባት ከጎንህ ይቆሙልህ ነበር።»

ሞቷል ብሏታል!

«ራቅ ያለ ቦታ ሄዷል እላለሁ» ያለው ለአባቱ ነው... ለእሷማ ድሮ ቀብሮታል!

አባት ልጁን አየው። አልተቆጣም። ምነው በተቆጣ!

ወደ ልጅቷ ዞረና እጇን ቀስ ብሎ ለቀቀ።

«ነፍሱን ይማረው ልጄ...» አለ።

ከዚያ እያነከሰ ወጣ።

ሽቅርቅሩ አልተከተለውም።

ወዳጆቼ... በወላጁ ያፈረ ልጅ መጀመሪያ ይደብቀዋል። ለውሸቱ ሲል ደግሞ በቁሙ ይቀብረዋል። ወላጅ ግን ወላጅ ነውና የልጁን ገመና ለመሸፈን በራሱ ቀብር ላይ ለቀስተኛ ሆኖ ይቆማል። ያሳደጋችሁ እጅ ሻካራ ቢሆን፣ ሻካራ የሆነው ለእናንተ ነው። ሰው ፊት ያዙት!

እስቲ ልጠይቃችሁ... በእጮኛዋ ቦታ ብትሆኑና ዛሬ ማታ እውነቱን ብትሰሙ፣ እሁድ ጣታችሁን ለቀለበቱ ትዘረጋላችሁ? ወይስ መጀመሪያ አባትየውን ፍለጋ ትወጣላችሁ? ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ... አንድ በአንድ አነባለሁ።