የማዕዶት መልስ

ማዕዶት መልስ ከመስጠቷ በፊት እንደ ልማዷ የእናቷን ዓይን አየች። ፋንታዬ ቅንድቧን ትንሽ አነሳች፤ በቤታቸው ደንብ «አመስግነሽ እለፊ» ማለት ነው።

«ሁሉም ጥሩ ነው» አለች ልጅቷ በእንግሊዝኛ።

የእንግሊዝኛው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የጠየቀቻት እኮ በዚህ ትምህርት ቤት ያልወደድሽው ምንድን ነው ብላ ነው። ለመጪው ዓመት የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ በር ላይ ሌላ ልጅ ከአባቱ ጋር ተራውን ይጠብቃል። ፋንታዬ ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ አስፈቅዳ፣ የጸሎት ቡድኗን ሁሉ አስጸልያ ነው የመጣችው።

ልቧን የወሰደው ግድግዳው ላይ ያለው አሮጌ ፎቶ ነው። ትምህርት ቤቱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሲጀመር የተነሱት የእንግሊዝ ልጆች፣ ክራባታቸውን አስረው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ትምህርት ቤት ማለት ይኼ ነው ብላ ነበር ገና ስትገባ። በልጇ የኖርዌይ ትምህርት ቤት ልጆች መምህራቸውን እንደ እኩያ በስሙ ሲጠሩት መስማት አንገሽግሿታል።

ርእሰ መምህርቷም ፎቶውን አየችው። ያኔ መምህር ሲገባ ብድግ ይባል ነበር አለች። ወደዚህ ወደ ብሪን ሰፈር፣ መጋዘን ወደነበረው ሕንፃ ተዛውረው የየአገሩ ልጅ ሲመጣ ግን ያ ቀረ፤ አሁን የሚፈልጉት ያሰበውን ፊት ለፊት የሚናገር ልጅ ነው። ይህን ብላ ጥያቄዋን ደገመች።

ማዕዶት አሁንም ወደ እናቷ ዞረች። ፋንታዬ ያን ጊዜ ገባት፤ ልጇን ቦታውን የሚያሳጣት ይኸው የራሷ የፋንታዬ ዓይን ነው። ፊቷን ወደ ፎቶው አዞረች።

«እማዬ» አለች ማዕዶት ቀስ ብላ።

ፋንታዬ አልዞረችም። እጆቿ ቦርሳዋን ጨምድደው ይዘዋል።

«ትምህርት ቤቱን የመረጠችው እናቴ ናት» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ሰፈራችን ሆልምሊያ ባለው ትምህርት ቤቴ ከጓደኞቼ ጋር መቀጠል ነው የምፈልገው።»

እንግሊዝኛው ፋንታዬን አይጠፋትም፤ ክው አለች። አበቃ፣ አሁን ሴትየዋ ያን በር ላይ ያለውን ልጅ ትጠራለች ብላ ጠበቀች።

ርእሰ መምህርቷ ግን ፊቷ በራ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው የምንፈልገው፣ ቦታው ያንቺ ነው አለቻት። ማዕዶት አንገቷን ደፋች።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለች ርእሰ መምህርቷ ወደ እናት ዞራ።

ፋንታዬ ፊቷን ከፎቶው መልሳ የልጇን ዓይን ፈለገች፣ ልጅቷ በተራዋ ቅንድቧን እንድታነሳላት።